የጓሮው ቀይ አምፖል

ጥቅምት 4

ለወንድሜ፣

ለእናታችን ሰላምታዬን አድርስልኝ። ላንተ የሚሆን ሰላምታ ለጊዜው በእጄ የለም፤ ሲገኝ እልክልሃለሁ።

ስልኬን አላነሳም ካልክ ይኸው በወረቀት መጣሁብህ። ወረቀት መሃል ላይ አይዘጋም። ይህን የምታደርስልህ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት፤ እረፍት ወጥታ ወደ እናንተ እየመጣች ነው። ቢከብድህም እንደ ሰው ተቀበላት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ሰፈሩ ስለ ቤታችን የሚያወራውን ከሩቅ አገር ሆኜ እኔ ልንገርህ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደውላልኝ ነበር። የጓሮውን ነጭ አምፖል አውልቀህ ቀይ ሰቅለሃል አለችኝ። ባለፈው ቅዳሜ በኋላ በኩል ባለው መንገድ የሚያልፍ አንድ ሰካራም ቀዩን መብራት አይቶ፣ መጠጥ ቤት መስሎት፣ በሩን ሲደበድብ አምሽቷል። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ልጄ፣ ቤት ተሳስተሃል" ስትለው፣ "ግድ የለም እማማ፣ ሌሎቹን ጥሪልኝ" አላት አሉ። ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷን ቀና አድርጋ የኖረች ሴት በማምሻዋ ይሄን ትስማ?

ለምን ብዬ ብጠይቅ መልሱ ምን ሆነ? ጋላክሲ ፎቶ ልታነሳ ነው። ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ ከሆቴሉ ማስታወቂያ ሥር፣ ጨረቃ እንኳ አፍራ በምትወጣበት ከተማ። ቀን ቀን ፎቶ ቤት ውስጥ የሰው ጉርድ ፎቶ ታነሳለህ፤ ጆሮ ይታይ፣ አገጭ ቀና ይበል ትላለህ። እሱ አልበቃ ብሎህ ማታ እናትህን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠህ ሰማይ ላይ ታፈጣለህ። እሷ ደግሞ የዓይን ግፊት ያለባት ሴት ናት። ከማድቤት እስከ መኝታ ቤት ግድግዳ እየዳበሰች ነው አሉ የምትሄደው።

ስለዚህ ስማኝ። ጥር ላይ ምርመራ አላት። ያን ቀን ዓይኗ ካለፈው በጥቂት እንኳ ቀንሶ ከተገኘ፣ መጥቼ ወደ እኔ እወስዳታለሁ። ወደድክም ጠላህም አላማክርህም።

አመልህ የታወቀኝ ገና ልጅ ሆነህ የቤቱን ሬዲዮ ፈታትተህ መግጠም ያቃተህ ቀን ነው። ሬዲዮው ሣጥኑ ብቻ ቀርቶ ሳለ አንተ ዓይንህን በጨው አጥበህ፣ "ድሮም አይሰማም ነበር" አልክ። እማዬ ያኔ፣ "ተዪው፣ ልጅ ነው" አለችኝ። አሁንም፣ ፀጉርህ ሸብቶ፣ እሷ ያንኑ ነው የምትለኝ። አንተን ያበላሸህ እሱ ነው።

ሦስተኛ ገጽ ገባሁ፤ ስድቡ ግን አላለቀም። ለማንኛውም ሁለት የዓይን ጠብታ ልኬያለሁ። ነጭ ክዳን ያለው የግፊቱ ነው፤ ማታ ማታ ሳታሳልፍ አድርግላት፤ ዓይኗን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ቀይ ክዳን ያለው ሲያሳክካት ብቻ።

እህትህ

ጥቅምት 27

ለተከበሩት ሲስተር እህቴ፣

እንደምን ከረሙ? እኛ ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት። ጠብታዎቹን ጓደኛሽ አምሽታ አመጣችልን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ማታ ሳላሳልፍ እያደረግሁላት ነው። ደግመሽ ከመሳደብሽ በፊት ይሄን ያዢልኝ።

ስለ ሰካራሙ የሰማሽው እውነት ነው፤ ግን ከልብስ ሰፊዋ አፍ ስለወጣ ከልኩ በላይ ተሰፍቷል። አንድ ሰው ነው፣ አንድ ቀን ነው። እማዬም ስትስቅ ነው ያደረችው።

ቀዩ አምፖል ለምን እንደተሰቀለ ማንም ሳይጠይቀኝ ተፈረደብኝ። ጨለማ የለመደ ዓይን ነጭ መብራት ካየ እንደገና ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ቀይ መብራት ግን አይነካውም። ብሎን የማጠብቀው፣ ካሜራውን የማስተካክለው በእሱ ነው።

እዚህ ሰማዩ ጥቁር አይደለም፣ የቆሸሸ ብርቱካን ነው። ነዳጅ ማደያው በአንድ በኩል፣ የሆቴሉ ማስታወቂያ በሌላ በኩል፣ የልብስ ሰፊዋ መስኮት አናቴ ላይ። በእሷ በኩል አንሶላ ሰቅዬ ነው የምሠራው፤ እሱንም "ምን ሊደብቅ ነው" ብላ አውርታልሽ ይሆናል። የማነሳት ጋላክሲ ስም እንኳ የላትም፣ ቁጥር ነው ያላት። በጎኗ ተኝታ ነው የምትታየን፤ ቀጭን ናት፤ መሃል ለመሃል ጥቁር የአቧራ መስመር ያልፍባታል። ብርሃኗ እዚህ ለመድረስ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጉዟል። ይሄን ሁሉ መጥቶ ጓሯችን ደጃፍ ላይ ሲደርስ የማደያ አምፖል ሲውጠው ዝም ብዬ ልይ?

አንድ ፎቶ ላይ ምንም አይታይም። ሁለት ሁለት ደቂቃ እያደረግሁ ብዙ አነሳለሁ፣ ሰማይ ጥሩ ሲሆን ሌላ ቀን ሌላ ብዙ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ እደራርባቸዋለሁ። የከተማው ጭጋግና ብርሃን ከፎቶ ፎቶ ይለዋወጣል፣ እሷ ግን ከቦታዋ አትነቃነቅም። ሲደራረብ የሚለዋወጠው እየሳሳ፣ የማይነቃነቀው እየጎላ ይመጣል። ሥራው ትዕግሥት ነው፤ ስለዚህ ላንቺ ማስረዳት ይከብዳል።

እማዬን ጨለማ ውስጥ አስቀመጥካት ላልሽው፣ ማን አስቀመጣት? ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ የብረት ወንበሯን ከቴሌስኮፑ አጠገብ አስጠግታ የምትቀመጠው በገዛ ፈቃዷ ነው። መስታወቱ ላይ ጤዛ ሲያርፍ በፀጉር ማድረቂያ የምታሞቅልኝ እሷ ናት። ጠብታዋንም እዚያው ወንበሯ ላይ አንጋጣ ነው የምትቀበለኝ፤ ሁለታችንም መግባት መውጣት አያስፈልገንም። አንቺ አጠገቧ ቁጭ ካልሽ ስንት ዓመትሽ ነው?

ጥር ላይ እንተያያለን። ዓይኗም አይቀንስም፣ አንቺም አትወስጃትም።

ወንድምሽ

ኅዳር 19

ለወንድሜ፣

ስለ እናቴ ዓይን ጻፍኩልህ፣ ስለ አቧራ መለስክልኝ።

ያንተ ብርሃን ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ችሎ ከመጣ አንድ ዓመት ጨምሮ ቢጠብቅ ምን ይሆናል? የእናቴ ዓይን ግን አይጠብቅም። ግፊት አያምም፣ አያስጮህም። ከዳር ከዳር እየበላ ነው የሚመጣው፤ ሰውየው የሚያውቀው መሃል ሲደርስ ነው። ይሄን ዋርድ ውስጥ ሁሌ የማየው ነገር ነው፤ ተረት እያወራሁልህ አይደለም።

እሁድ ልብስ ሰፊዋ በስልኳ አገናኘችኝ። እማዬ "ደህና ነኝ" አለችኝ፤ እሷ ደህና ነኝ የምትለው ደህና ሳትሆን ነው። እግርሽ ለምን ቆሰለ ስላት፣ "ጠረጴዛ ነክቶኝ" አለች። ጓሮ ውስጥ ምን ጠረጴዛ አለ? ልብስ ሰፊዋ ጓሮ ውስጥ መቁሰሏን ባትነግረኝ ኖሮ ይሄም ያልፈኝ ነበር። እንዳንተው መደበቅ ለምዳለች።

አጠገቧ ቁጭ ስላለማለቴ አፍህን ሞልተህ ጽፈሃል። አንተ አጠገቧ አትቀመጥም፤ አንተ አጠገብ የምትቀመጠው እሷ ናት። ልዩነቱ እስኪገባህ አብራህ በብርድ ማለቋ ነው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ከጠብታው የትኛው እያለቀ ነው? ዛሬ ነገ ሳትል ጻፍና ምትኩን ልላክ። ስለ ሰማዩ ግን አልጠየቅኩህም።

እህትህ

ታኅሣሥ 11

ለእህቴ፣

አትድከሚ፣ ጠብታ አያስፈልገንም። ከላክሻቸው ከሁለቱ አንዱ ሊያልቅ ነው፣ ሌላው እንደታሸገ አለ። ሁለቱም ነጭ ክዳን ናቸው፣ ያው አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሁለተኛውን ለመጠባበቂያ አስቀምጬዋለሁ። እስከ ምርመራዋ ይበቃናል። መድኃኒት በሰው እጅ መላክ ደግሞ እናት መጦር እንዳይመስልሽ።

እግሯን የመታት የቴሌስኮፑ እግር ነው። አልደበቅኩሽም፣ ስላልጠየቅሽኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስቱም እግሮች ላይ ነጭ ጨርቅ ጠምጥሜባቸዋለሁ። ዓይኗ ደህና ነው፣ ጨዋታዋም አልቀነሰም። አሁን አሁን "ጓሮው ጠበበ" የምትል ነገር አምጥታለች። አጥሩ ከግራም ከቀኝም ተጠጋብኝ፣ ጎረቤት መሬታችንን እየገፋ ነው እንዴ ትለኛለች። እኔም፣ "ልብስ ሰፊዋ ትሆናለች፣ በሜትሯ እየለካች" እላታለሁ፤ እንስቃለን። ቢያንስ በዚህ ቤት ይሳቃል።

አልጠየቅኩህም ብትዪም እነግርሻለሁ። ያለፈው ሳምንት ጨረቃ የለችም፣ ደመናም የለም፣ የሆቴሉ ማስታወቂያም ተበላሽቶ ግማሹ ጠፍቶ ነበር፤ ዘመድ እንኳ እንዲህ አይረዳኝም። በማግስቱ ስደራርበው ጥቁሯ መስመር ወጣች። ከዳር እስከ ዳር፣ በደንብ የምትለይ። ከዚህ ጓሮ እሷን አወጣለሁ ብል ማንም አያምነኝም ነበር፤ እኔም ራሴ በደንብ አላመንኩም ነበር። እማዬን ጠርቼ ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኋት። ፊቷን አስጠግታ ብዙ ቆየችና፣ "ይቺ ናት እንዴ ይሄን ሁሉ ብርድ ያስበላችን?" አለች። ከዚያ ደግሜ እንዳሳያት ጠየቀችኝ።

ሁለት ሳምንት ጥሩ ሰማይ ባገኝ እጨርሳታለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ማደያው በኩል ዝቅ ስለምትል አትያዝም። ስለዚህ እስከዚያ በደብዳቤ ባታውኪኝ ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 30

ሁለቱም ነጭ ክዳን ናቸው ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ጓደኛዬ መንገድ ላይ ቀይራው ይሆናል ብዬ እሷን ተጠራጠርኩ። አንዱን ነጭ፣ አንዱን ቀይ አድርጌ ከመድኃኒት ቤት የገዛሁት በገዛ እጄ ነው። ቀዩ እንደ ቲማቲም የቀላ ነው፤ ዓይን ያለው ሰው አይስተውም።

ከዚያ አምፖልህ ትዝ አለኝ። በቀይ መብራት ሥር ቀይና ነጭ አንድ ናቸው። ይሄን እኔ ላስረዳህ አይገባም ነበር፤ የፎቶ ባለሙያው አንተ ነህ።

ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ ለልብስ ሰፊዋ ደውዬላታለሁ። በቀን ገብታ ከእማዬ ወንበር ሥር ጠብታዎቹ የሚቀመጡበትን ሣጥን ከፍታ አየችልኝ። ሊያልቅ የደረሰው ቀዩ ነው። ታሽጎ ያለው ነጩ ነው። እናቴ ከጥቅምት ጀምሮ ለዓይኗ ግፊት አንዲት ጠብታ አላገኘችም። አንተ አንድም ማታ ሳታሳልፍ የማሳከክ መድኃኒት ስታንጠባጥብላት ከርመሃል። ጓሮው ጠበበ ስትልህም ስቀሃል። የጠበበው ጓሮው አልነበረም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። አንተ የጣልከው ግን ከራስህ ብብት አይደለም።

ምርመራዋን እዚያ አላስደርግም። ፈቃድ ጠይቄ እየመጣሁ ነው። ስደርስ ፊትህን ማየት አልፈልግም፤ ቁልፉን ልብስ ሰፊዋ ጋ ትተህ ሥራህ ላይ ዋል።

ጥር 27

ለእህቴ፣

ቁልፉን ከልብስ ሰፊዋ ተቀብያለሁ። መምጣትሽንም መሄድሽንም ከሰው ነው የሰማሁት፤ እንዳዘዝሽኝ ፎቶ ቤት ውዬ ማታ ስገባ ቤቱ ባዶ ነው። የእናቴን ሻንጣ ማን እንደተሸከመላት እንኳ አላውቅም።

ጠርሙሶቹን በቀን ደጅ አውጥቼ አይቻቸዋለሁ። ቀዩ ቀይ ነው። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍም በቀይ ቀለም ነው፤ በአምፖሉ ሥር ባዶ ወረቀት ነበር የሚመስለው። የመጡ ዕለት ጓሮ ውስጥ ከፈትኳቸው፣ ሣጥን ውስጥ ከትቼ ከወንበሯ ሥር አደረግኳቸው፣ ከዚያ ወዲህ በቀን አይቻቸው አላውቅም። ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። መድኃኒቷ ማታ ማታ እንደሆነ ከድሮ አውቃለሁ፤ ሁለት ዓይነት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

አሁን ደግሞ የእኔን ስሚ። የጥቅምቱን ደብዳቤሽን እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ገጽ እንደጨረስኩ ደሜ ፈልቶ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ነጭ ክዳን፣ ቀይ ክዳን ያልሽው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ከሬዲዮው በታች፣ ከሸበተው ፀጉሬ በታች። ዋርድ ውስጥ የበሽተኛ መድኃኒት የምትጽፊው እንዲህ ነው? መጀመሪያ አስታማሚውን ሰድበሽ፣ ሲደክምሽ መድኃኒቱን? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በዪ። ግን እሱንም ይዘሽ ተኚ።

ሐኪሙ ምን አለ? ይሄን ብቻ መልሺልኝ። ብትደውዪ አነሳለሁ።

ወንድምሽ

የካቲት 15

ለወንድሜ፣

አልደውልም።

የግራ ዓይኗ አልቋል፣ አይመለስም። የቀኙ መሃሉ ብቻ ቀርቷል፤ በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው የምታየው። ሐኪሙ ይሄን ይዘን እናቆየዋለን ብሏል።

መድኃኒቱ ተቋርጦ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚዋ እኔ ስለሆንኩ ጥያቄውን ለእሷ ነገርኳት። "ኧረ በፍጹም፣ ልጄ አንድም ማታ አላሳለፈም በለው" አለችኝ፣ ኮራ ብላ። ለሐኪሙ እውነቱን በቋንቋው ነገርኩት። እሷ ያለችውን የነገርኩት መስሏት ራሷን ስትነቀንቅ ነበር።

ጠብታዋን አሁን የማደርግላት እኔ ነኝ፤ በነጭ መብራት።

እህትህ

መጋቢት 6

ለእህቴ፣

ከዚህ ጋር ያለው ጥቅል ፎቶው ነው። ፎቶ ቤቱ ባለው ትልቁ ወረቀት ላይ ነው ያተምኩት። ለልብስ ሰፊዋ ከደወልሽላት ቀን ወዲህ አንድም አላነሳሁም፤ እስከዚያ የነበረኝን ነው የደራረብኩት። ጠርዙ ላይ ጥላ እንዳይቀር የቴሌስኮፑን አፍ በነጭ የትራስ ልብስ እየሸፈንኩ ባዶ ነጭ ፎቶም አነሳ ነበር፤ ጥላውን ከእሱ ጋር እያነጻጸርኩ ነው የምቀንሰው፤ ወጥራ የምትይዝልኝ እማዬ ናት፤ ብትጠይቂያት ትነግርሻለች። መሃሉን ፊት ለፊቷ አድርጊላት። መሃሉን ታያለች ብለሻል።

ቀዩን አምፖል አውልቄዋለሁ። ይሄን ለማስደሰትሽ አይደለም የምጽፈው።

እማዬ ለልብስ ሰፊዋ ደውላ፣ "እርጅና ነው፣ በማንም አይፈረድም" አለቻት አሉ። ስለዚህ አልነገርሻትም ማለት ነው። ለምን? እኔን ለመሸፋፈን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔን ሸፋፍነሽ አታውቂም። ንገሪያት። አፍሽ እምቢ ካለሽ ከዚህ በታች ያለውን አንብቢላት።

እማዬ፣ ማታ ማታ ዓይንሽ ውስጥ የጨመርኩት የተሳሳተውን ነው። አንቺ አንጋጠሽ ትጠብቂኛለሽ፣ እኔ ሰማዩ እንዳያመልጠኝ እቸኩላለሁ፤ መብራት ለማብራት ሰሰትኩ። እርጅና አይደለም። እኔ ነኝ።

ይሄን አንብቢላትና ያለችውን ቃል በቃል ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፊው።

ወንድምሽ

መጋቢት 29

ለወንድሜ፣

ፎቶው ደርሷል። ጠዋት መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ አሳየኋት። ወረቀቱን ከአፍንጫዋ አስጠግታ፣ ሙሉው በአንዴ ስለማይታያት፣ በቁራጭ በቁራጭ እያየች ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። ጥቁሩ መስመር ላይ ስትደርስ፣ "ይኸውልሽ፣ ይቺ ናት" አለችኝ፣ የጠፋ ዘመድ ያገኘች ይመስል። የትራስ ልብሱንም ነግራኛለች። ጓደኛዬ ልትጠይቃት ስትመጣ አሳየቻት። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ስትመጣም አሳየቻት። የጎረቤቴን ቋንቋ አታውቅም፤ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች "ልጄ፣ ልጄ" ትላታለች። እኔ ማድቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ ቆምኩ።

ሦስተኛው ገጽ ብለህ የጻፍከውንም አንብቤዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ለበሽተኛ ቤተሰብ የመድኃኒት አወሳሰድ ስጽፍ ብዕሩ ይከብደኛል፤ ጽፌም አላምን ብዬ በቃላቸው አስደግማቸዋለሁ። ይሄን በማወቅህ ደስ ይበልህ።

ለእሷ የጻፍከውን ግን አላነበብኩላትም፣ አላነብላትምም። ላንተ አዝኜ አይደለም። እሷ አትችለውም ብዬም አይደለም፤ ከሁለታችንም የበለጠ ትችለዋለች። እናታችንን ታውቃታለህ። ገና ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ አፌን ታስይዘኛለች። አውቆ አይደለም ትላለች። ይቅር ብላህ ሻይዋን ትጠጣና፣ ብቻውን ምን እየበላ ይሆን እያለች ስላንተ መጨነቅ ትጀምራለች። እኔም የዚያኑ ቀን ስልክ አገናኝሻለሁ ብዬ ቃሌን እንድሰጣት ታስገድደኛለች። አንተም እዚያ ሆነህ ድምጿን ትሰማና አልቅሰህ ይወጣልሃል።

እኔ ደግሞ ይቅር እንድትባል አልፈልግም።

እህትህ